ሰብር ዝምታ አይደለም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከራሴ ቤት የወጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ19 ዓመት ልጅ ሳለ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ እንዳሰበው ሳይሆን ቀረ። ከመኝታ ክፍሉ አልወጣ አለ፤ ምግብ አስጠላው፤ እንቅልፍ አጣ። እናታችን ሰደቃ አወጣች፤ ዱዓ አስደረገች። ተማርኩ የምለው እኔ ግን «ወንድ ልጅ ለፈተና ብሎ እንዲህ ይሆናል? ኢማንህን አጠንክር!» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ። «መኖር ሰለቸኝ» ማለቱን የሰማችው እህታችን ናት። ሐኪም ዘንድ የወሰድነው ያኔ ነው።

ልጁ ኢማን ጎድሎት ነበርን? ሶላቱን እንኳ አላቋረጠም። የጎደለው ሐዘኑን የሚሸከምበት ዘዴ ነበር፤ ያንን ያላስተማርነው ደግሞ እኛው ነን። አማካሪው የጀመሩት ከቀላል ነገር ነበር፦ የተሰማውን በስሙ መጥራት፣ «ሁሉም ነገር አበቃ» የሚለውን ሐሳብ በወረቀት ጽፎ እውነት መሆኑን መመርመር፣ በየቀኑ አንድ ትንሽ ሥራ መሥራት። ወራት ፈጀ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ።

ይህ ዕውቀት ለሙስሊሙ ባዕድ አይደለም። በበልኽ፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ተወልደው እ.ኤ.አ በ934 ያለፉት ዓሊም አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው ኪታባቸው የአካልንና የነፍስን ጤና ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ውስዋስን ለየብቻ መርምረዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ስሜቱ ለሚገነፍልበት ሰዓትም ጤናማ ሐሳቦችን በደህናው ቀን እንዲያዘጋጅ መክረዋል።

በዘመናችንም አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ማርሻ ሊንሃን እ.ኤ.አ በ1993 ባሳተሙት የሕክምና ዘዴ አራት ችሎታዎችን ያስተምራሉ፦ ያሉበትን ቅጽበት ማስተዋል፣ ጭንቅን ራስን ሳይጎዱ ማሳለፍ፣ ስሜትን መግራት፣ ከሰው ጋር ተከባብሮ መነጋገር። እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ገብተው እንደታከሙ እ.ኤ.አ በ2011 በይፋ ተናግረዋል።

ከዚህ ውስጥ የትኛው ከዲናችን ይጋጫል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል አላስተማሩምን? መድኃኒት እንድንፈልግስ አላዘዙንምን? ዱዓም ሩቅያም ቦታቸው የተጠበቀ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን ከተወኩል አያወጣም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ዝም ሲል ከግሣጼ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ሞትን ካነሳ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። የመስጊድ ኮሚቴዎችና ኡስታዞችም ለወጣቶች ከሚከፈተው ቂርአት አንዲት ሰዓት ለዚህ ትምህርት ቢመድቡ፣ ባለሙያም ቢጋብዙ መልካም ነው።

እኔ ወንድሜን አፍው በለኝ ብዬዋለሁ፤ እርሱም ብሎኛል። ይህን ለማለት ሳይታደሉ የቀሩ ስንት ወንድሞች ይኖሩ ይሆን?

ወላሁ አዕለም።