ቀዶ ሕክምና ለተቀጠረልህ ልጄ

ልጄ፣ ሐዋሳ ሪፈራል ለቀዶ ሕክምና እንደተቀጠርክ እናትህ ነገረችኝ። አሞራ ገደል ዳር ጫት ይዘህ ስትቀመጥ ሲጋራ ከእጅህ እንደማይለይም አይቻለሁ። ልቆጣህ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰመመን ሰጪነት ስለሆነ የማውቀውን ልምከርህ።

1. አትደብቅ። ሰመመን ሰጪው «ታጨሳለህ?» ሲልህ እናትህ አጠገብህ ካለች «ለብቻችን እንነጋገር» በለው። በቀን ስንት ፍሬ እንደምታጨስ፣ ከጀመርክ ስንት ዓመት እንደሆነህ፣ ሺሻና ጫትም ካለ ሳትቀንስ ንገረው።

2. ለምን እንደሚጠይቅህ እወቅ። በሙሉ ሰመመን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባትና ለቀዶ ሐኪሙ ሥራ እንዲመች ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚሠራው ነርቭ ጡንቻን በሚያዝበት በር ላይ ነው፤ ኒኮቲንም የሚነካው የዚያኑ በር ዘመዶች ነው። ቬኩሮኒየም በተባለው መድኃኒት ላይ አጫሾች ከሌላው ሰው በዛ ያለ መጠን እንደፈለጉ የታየበት ጥናት አለ። በሌሎቹ መድኃኒቶች ላይ ግን ውጤቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ «አጫሽ ነው» ተብሎ በግምት አይጨመርልህም።

3. መጠኑን የሚወስነው ጡንቻህ ነው። ባለሙያው መሣሪያው ካለው አንጓህ ላይ ያለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ አራት ጊዜ ነዘር አድርጎ አውራ ጣትህ ስንቴ እንደምትዘል ያያል። ጭራሽ ካልዘለለች መድኃኒቱ ይዞሃል። ስትነቃም «ራስህን ከትራስ አንሣና 5 ሰከንድ ያዝ» ቢልህ ጉልበትህ መመለሱን ማየቱ ነውና እሺ በለው።

4. ጣትህ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ አያታልልህ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ መለኪያው ግን ሁለቱን ስለማይለይ ደህና ቁጥር ያሳይሃል። በዚህ ሺሻ ከሲጋራ ይብሳል።

5. ዛሬውኑ አቁም። 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ካለህ ሳንባህም ቁስልህም ይጠቀማሉ። ጊዜው ካጠረም ከዋዜማው ጀምረህ ተው፤ በደምህ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ4 እስከ 6 ባለው ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። «ለጥቂት ቀን ማቆም ይብሳል» የሚልህን አትስማ።

6. ከዳንክ በኋላ አትመለስበት። ሲጋራውን የሚጠራብህ ጫቱ ነውና እሱንም ተው። ቡና ቤት ውስጥ አጠገብህ ለኩሶ የሚያስጎመጅህ ካለም አትፈር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል በለው።