ክርስቲያናዊ ክብር በሐሳብና በሥራ

ስለ ክብር በተነጋገርን ቁጥር ከኛ ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ብድግ ብሎ አቡነ ጴጥሮስን ይጠራል። መጥራቱም ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት እኒህ ጳጳስ የተጠየቁት ቃል ብቻ ነበርና፤ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፥ ሕዝቡም ለኢጣልያ እንዲገዛ እንዲሰብኩ። ቃሉን ከሰጡ በኋላ በልባቸው ሌላ ማሰብ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ልብን ለእግዚአብሔር፥ አፍን ለገዢ ማከፋፈልን አልወደዱም። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ብዙዎቻችንም በአጠገቡ እናልፋለን።

ይሁን እንጂ የምሳሌው ትልቅነት ራሱ ያሳስተናል። ጠመንጃ ተደቅኖብን «ካዱ» የምንባልበትን ቀን እያሰብን፥ ያን ጊዜስ እንጸናለን እያልን እንጽናናለን። እስከዚያው ድረስ ክፍል ላልመጣው ጓደኛችን አቴንዳንስ ላይ እንፈርማለን። (ዘንድሮ ለማንም ያልፈረመ ካለ እጁን ያውጣ።) «ፊርማ ብቻ ነው፥ ማንን ይጎዳል?» ይባላል። ጉዳቱ ትንሽ ነው እንበል፤ ቢሆንም ሐሰት መሆኑን ልባችን የሚያውቀውን እጃችን ጻፈው። ከጳጳሱ ከተፈለገው የሚለየው በመጠኑ እንጂ በዓይነቱ አይደለም።

ደግሞም እምቢ ያለ ሁሉ ክብር አለው ማለት አይደለም። አንዳንዶቻችን የማንፈርመው መምህሩ የእጅ ጽሕፈታችንን ስለሚያውቅ ነው። ሌሎቻችንም እምቢ ካልን በኋላ ጓደኛችንን በልባችን እንንቀዋለን፤ እምቢታችንንም ሻይ ቤት ተቀምጠን እናወራዋለን። ጌታ በተራራው ስብከቱ ቁጣን ከግድያ፥ ምኞትን ከዝሙት ጋራ አያይዞ ያስተማረው እጅ ንጹሕ ሆኖ ሐሳብ ሊያድፍ ስለሚችል ይመስለናል። ከፊርማው ይልቅ ይኸኛው ይከብዳል፤ የሚቆጣጠረው መምህር የለምና።

የጳጳሱ ስም የመጣበትን ሐዋርያ እናስታውስ። በጌቴሴማኒ ሰይፍ ለመምዘዝ አላመነታም ነበር። በዚያችው ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ የጠየቀችው ግን አንዲት ገረድ ናት፤ በእጇም መሣሪያ አልነበረም። ለጦር የተዘጋጀው ጴጥሮስ ለእርሷ ጥያቄ አልተዘጋጀም ነበርና ካደ፤ ዶሮ እስኪጮኽም ሦስት ጊዜ ሆነ።

ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ወረቀቱ ከወንበር ወደ ወንበር ይዞራል። ጓደኛችን ዛሬ ማታ «አደራ» ሊለን ይመጣል። ያን ጊዜውኑ፥ ሳንንቀውና ሳናፍር፥ «ፊርማውን ተወው፤ የትምህርቱን ማስታወሻ ግን አንድም ሳናስቀር ጽፈን እናመጣልሃለን» ልንለው ተስማምተናል።