ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ልብ ሰቀላና የጨረቃ ጉዞ በፊልም

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምናብ የተፈጠረው የትኛው እንደ ሆነ፣ በዕውቀት የተደገፈውም የትኛው እንደ ሆነ እየለያችሁ ማስታወሻ ያዙ።

ሰው ጨረቃን በእግሩ ከመርገጡ አርባ ዓመት አስቀድሞ በፊልም ረግጧታል። እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. ጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ፍሪትዝ ላንግ «በጨረቃ ያለች ሴት» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ፊልም በርሊን ከተማ ለሕዝብ አቀረበ። የታሪኩ ደራሲ ባለቤቱ ቴያ ፎን ሃርቡ ነበረች። በታሪኩ ውስጥ አንድ አረጋዊ ሊቅ በጨረቃ ላይ ወርቅ እንዳለ በመናገሩ የሙያ ባልደረቦቹ ይሳለቁበታል። አንድ ወጣት ግን ቃሉን አምኖ ሮኬት ያሠራል፤ ከሊቁና ከጓደኞቹ ጋርም ወደ ጨረቃ ይጓዛል።

ላንግ በምናቡ ብቻ አልተማመነም፤ ስለ ሮኬት ያጠናውን ሄርማን ኦበርትን አማካሪው አደረገው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ሮኬቱ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ከታላቅ አዳራሽ ይወጣል፤ ነዳጁን የጨረሰው ክፍል ከሌላው እየተነጠለ ይቀራል፤ ተጓዦቹ ሮኬቱ ሲነሣ የሚደርስባቸውን ጫና ለመቋቋም ይጋደማሉ፤ ክብደት ሲያጡም እግራቸውን በወለሉ ላይ ባለ ማሰሪያ ያስገባሉ። አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በጁላይ 16 ቀን 1969 ዓ.ም. ሲነሣ ከነዚህ ነገሮች ብዙዎቹ በእውን ታዩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው የመነሻው ትዕይንት ነው። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ ይቆጠራል። ላንግ ኋላ እንዳስረዳው፣ ከአንድ ተነሥቶ ወደ ላይ ቢቆጠር ተመልካቹ ቆጠራው የት እንደሚያበቃ ባላወቀ ነበር። ወደ ታች ሲቆጠር ግን መጨረሻው ዜሮ መሆኑን ያውቃልና ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የእውነተኞቹ ሮኬቶች መነሻም በዚሁ ዓይነት የኋሊት ቆጠራ የታወቀ ሆኗል።

ፊልሙ የሳተበትም ቦታ አለ። ሊቁ በጨረቃ ላይ ክብሪት ጭሮ እሳቱ ስለ ነደደለት አየር መኖሩን ያረጋግጣል። በጨረቃ ላይ ግን ሰው የሚተነፍሰው፣ እሳትም የሚያነድ አየር የለም፤ አርምስትሮንግና ኦልድሪን የአየር መያዣ ልብስ ለብሰው የወረዱት ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ዕውቀት መልካም ፍሬ ብቻ አያፈራም። በወጣትነቱ የኦበርት ረዳት የነበረው ቬርነር ፎን ብራውን ለናዚ መንግሥት ቪ 2 የተባለውን የጦር ሮኬት ሠራ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 3 ቀን 1942 ዓ.ም. በተሳካ ሁኔታ የተወነጨፈው የመጀመሪያው ቪ 2 የዚሁ ፊልም ሥዕል ተሥሎበት ነበር። መሣሪያው እ.ኤ.አ. ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደንና በአንትወርፕ ላይ እየወደቀ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ፤ እርሱን በግዳጅ ይሠሩ ከነበሩት እስረኞችም ብዙ ሺህ አለቁ። አፖሎን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት ሥራ የመራውም ይኸው ፎን ብራውን ነው። ምናብ መንገዱን ያሳያል፤ ዕውቀት ያስኬዳል፤ ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው ግን የሰው ኅሊና ነው።

ለ. ማብራሪያ

ልብ ሰቀላ ማለት አንባቢው ወይም ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ እንዲጓጓ ማድረግ ነው። ጉጉት የሚፈጠረው ሁሉን ነገር በመሰወር ብቻ አይደለም። በቆጠራው እንዳያችሁት፣ ተመልካቹ ጥቂት ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ ሲደረግ ጉጉቱ ይበልጥ ይጨምራል።

ሐ. ሰዋስው

ሳይሆን የቀረን ነገር እንደ ሆነ አድርገን ስናስብ በ«ቢ» የሚጀምር ግሥ ከ«ኖሮ» ጋር እንጠቀማለን፤ ዐረፍተ ነገሩም በ«ነበር» ይዘጋል።

ምሳሌ፦ ላንግ ኦበርትን ባያማክር ኖሮ የፊልሙ ሮኬት ተረት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

የሚከተሉትን አሟልታችሁ ጻፉ።

1. በጨረቃ ላይ አየር ቢኖር ኖሮ __________ ነበር።
2. ቪ 2 ለጦርነት ባይውል ኖሮ __________ ነበር።

መ. ጥያቄዎች

1. በፊልሙ ከታዩት ነገሮች በኋላ ዘመን በእውን የተፈጸሙትን ሦስት ጥቀሱ።
2. የኋሊት ቆጠራ ልብ ሰቀላን የሚፈጥረው እንዴት ነው?
3. የምንባቡ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው? ከምንባቡ ማስረጃ እያቀረባችሁ አስረዱ።

ሠ. ድርሰት

ገና ያልተፈጸመ አንድ ጉዞ በምናባችሁ ፈጥራችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ከሳይንስ ትምህርታችሁ የምታውቁትን ቢያንስ ሁለት እውነት አስገቡ፤ በሁለተኛው የአንባቢውን ልብ ስቀሉ፤ በሦስተኛው ጉዞው ለሰው ልጅ ሊያመጣ የሚችለውን ጥቅምና ጉዳት አመዛዝኑ።