ለሦስት ዕቃ አንድ ሪሞት

ጥያቄ፦ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። የቲቪ፣ የዲሽ ሪሲቨርና የሆም ቲያትር ሪሞቶች ማምታታት ስለሰለቸኝ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሪሞት ገዛሁ። ቲቪውን ይከፍታል፤ ሪሲቨሩ ግን እንቢ አለ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቲቪውን ከከፈተ ሪሞቱ ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለ ሪሞት የሚያዘው ኮዱ አስቀድሞ የተጫነለትን ዕቃ ብቻ ነው። የሳምሰንግና የኤልጂ ቲቪ ኮድ በአብዛኞቹ ላይ ይገኛል፤ እኛ ኢትዮሳት የምናይባቸው ርካሽ ሪሲቨሮች ግን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ኮድ በመሞከር አይድከሙ፤ ከሌላ ሪሞት የሚቀዳውን ዓይነት ይግዙ። አዲሱንና የሪሲቨሩን ዋና ሪሞት ጫፍ ለጫፍ አጋጥመው፣ አዲሱን መቅጃ ሁነታ ላይ አድርገው ቁልፉን ይምረጡ፣ ከዚያ በዋናው ላይ ያንኑ ቁልፍ ይጫኑ። ዋናው ከሞተ ግን የሚቀዳ ነገር የለም፤ እባክዎ ሳይሰበር ይቅዱት። ሪሞቱ መሥራቱን ለማወቅ ወደ ስልክዎ የፊት ካሜራ አዙረው ይጫኑት፤ ዓይን የማያየው ጨረር ስክሪኑ ላይ ብልጭ ይላል። አንዳንዱ ሪሞት ባትሪ ድንጋዩ ሲወጣ የቀዳውን ይረሳልና ዋናዎቹን አይጣሏቸው።