የስኳር ድንች ርቀት፦ በአንድ ማሳ ስንት ሐረግ?

ስኳር ድንች ልትተክሉ ስትነሱ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ምን ያህል ላራርቀው?» የሚል ነው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። አስቀድሞ «ከዚህ ማሳ ምን ፈልጌ ነው?» ማለት ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ገበያ የሚወጣ ወፍራም ድንች ነው? ለቤት ቅቅል የሚሆን መካከለኛ? ወይስ ለመጪው ዝናብ የሚተከል ሐረግ? ርቀቱን የሚወስነው ይህ ነው። (የማወራው ስለ ቆላውና ወይና ደጋው ስኳር ድንች ነው፤ ጨንቻ ደጋ ላይ የሚበቅለው ድንች ዘሩም ጠባዩም ሌላ ነው።)

ስሌቱን ቀስ ብለን እንሥራው። በአገራችን የተለመደው ምክር በመደብና በመደብ መካከል 60፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ነው። 0.6 ሜትር በ0.3 ሲባዛ 0.18 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ተክል ድርሻ ይህች ናት። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለድርሻው ሲካፈል 55,555 ተክል ይደርሰዋል። በጥማድ ለሚያስብ፣ ሩብ ሄክታር 13,900 ገደማ ሐረግ ይፈልጋል። መደቡን ሳንነካ የተክሉን ርቀት ወደ 20 ብናጠበው በሄክታር 83,333 ይገባል። ለ10 ሴንቲ ሜትር ጥበት ወደ 28,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ሐረግ ማለት ነው። በበጋ የሐሬን ወይም የኩልፎን ወንዝ ጠልፎ የሚያጠጣ ካልሆነ ይህን ሁሉ ሐረግ ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደ መሬቱ ውስጥ እንግባ። የተተከለው ሐረግ አፈር ከለበሱት አንጓዎች ሥር ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነዚህ ሥሮች ጥቂቶቹ መወፈር ይጀምራሉ፤ የቀሩት ቀጥነው ውሃና ምግብ መሳባቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የጀመሩትን የማወፈሪያ ጊዜ ናቸው፤ የሚያወፍራቸውም ቅጠሉ ከፀሐይ የሚሠራው ስታርች ነው። ተክሉ ሲጠጋጋ ቅጠል ቅጠልን ይጋርዳል፣ ሥር ከሥር ጋር በውሃ ይሻማል፣ የእያንዳንዱም ተክል ምርት ያንሳል። የማሳው ድምር ግን አብሮ አይወርድም። ተክሉ በቁጥር ስለበዛ ድምሩ እስከ አንድ ደረጃ ይጨምራል፣ ከዚያ ባለበት ይቆማል።

ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኩንታሉ ሞልቶ ውስጡ ጣት ጣት የሚያካክል ሥር ከሆነ ነጋዴ አይነካውም። በምርምር ሙከራዎችም ብዙ ጊዜ ከ100 ግራም በታች የሆነው ለገበያ ከማይሆነው ጎራ ይመደባል። «ታዲያ አስፍቼ ልትከል» የሚል ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ቅጠሉ መሬቱን ሳይሸፍን አረም ይቀድመዋል። ድንቹም ከልክ በላይ ሲወፍር አፈሩን ይሰነጥቀዋል፤ ነቀዝ የሚገባው በስንጥቁ ነው። በአባያና ጫሞ ሐይቆች ዳር ሙቀት አፈር የማያስታቅፍ ሰው ይህን ቶሎ ያየዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለገበያ 30 ሴንቲ ሜትርን አልለቅም፤ ሐረጉ ሩቅ ለሚሳብ ዝርያና ለም አፈር ትንሽ ባሰፋው አይከፋኝም። ለቤትና ለልጆች ከሆነ የድንቹ መጠን ያን ያህል አያስጨንቅም። በ2005 እ.ኤ.አ. የተለቀቁት ብርቱካናማዎቹ ዝርያዎች ኩልፎና ቱላ ለቫይታሚን ኤ ነው የሚፈለጉት፤ ትንሹም ድንች ቫይታሚኑን ይዟል። ለሐረግ ማባዣ ግን ርቀቱን አጥብቡት።

መለኪያው ቀላል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር በትር ቆርጣችሁ መሃሉን በቢላዋ ቦርቡሩት፤ ሙሉው ለመደብ፣ ግማሹ ለተክል ይሆናል። ሐረጉን ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ቁረጡና ሁለት ሦስተኛውን ቅበሩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልያዘውን ተኩት፤ ከአምስት አንዱ ከደረቀ 55,555 ያላችሁት 44,444 ሆኗል፣ ያላሰባችሁት ርቀት ማሳችሁ ላይ ገብቷል።

የራሳችሁን አፈር ለማወቅ ጎን ለጎን ያሉ መደቦችን በ20፣ በ30 እና በ40 ሴንቲ ሜትር ትከሉ። ስትቆፍሩ የሚሸጠውን፣ ለቤት የሚሆነውንና ለከብት የሚጣለውን ለየብቻ መዝኑ። የዳር መደቦችንና የየመደቡን ጫፍ ተክሎች አትመዝኗቸው፤ ተሻሚ ስለሌለባቸው ከሌላው ይበልጥ ይወፍራሉ።