ማንበቢያ በሌለው ኮምፒዩተር የቆየ ዲቪዲ ስለ መክፈት

ባለፈው ፋሲካ ለዕረፍት ወደየቤታችን ሄደን ስንመለስ፣ ከዶርም ጓደኞቻችን አንዱ ሦስት ዲቪዲ በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። በ2000 ዓ.ም. የተደረገው የታላቅ እኅቱ ሠርግ ነው። አባቱ ከሠርጉ ሁለት ዓመት በኋላ ስላረፉ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የተቀዳው ድምፅ ለቤተ ሰቡ የቀረ ብቸኛ የአባት ድምፅ ነው። ጓደኛችን ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ነበረ ድምፁን አያስታውሰውም። የቤታቸው ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ በዶርማችን ካሉት ስድስት ላፕቶፖች ደግሞ ዲቪዲ የሚገባበት አንድ እንኳ የለም።

ይህ ችግር የእርሱ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመታት የተደረገው ሠርግ፣ ክርስትናና ምረቃ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በሲዲና በዲቪዲ ተቀምጦ ይገኛል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች ባንሆንም፣ በዚህ ሥራ የተማርነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። «ፕሮግራም አውርዱና ይከፈታል» ያሉን ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አይሆንም። ዲቪዲ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፣ ጽሑፉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ምልክቶች ነው። እነዚህን የሚያነባቸው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን ነው። ስለዚህ ያ ብርሃን ያለው መሣሪያ ከአንድ ቦታ መገኘት አለበት። ፕሮግራም የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

መሣሪያው የሚገኘው ወይ ማንበቢያ ካለው የቆየ ዴስክቶፕ ነው፣ ወይ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ከሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ነው። እኛ መጀመሪያ ዴስክቶፕ ተዋስን። የመጀመሪያውን ዲቪዲ ኢምግበርን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከነሙሉ ይዘቱ ወደ አንድ ፋይል ገለበጥነው፤ ይህ ዓይነቱ ፋይል አይ.ኤስ.ኦ. ይባላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ኮምፒዩተሮች ይህን ፋይል ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ኮምፒዩተሩ እውነተኛ ዲቪዲ የገባለት ይመስለዋል።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ፋይሉን 32 ጊጋባይት ወደሚይዘው ፍላሻችን ልንወስድ ስንል ፍላሹ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እንቢ አለ። ባዶ ፍላሽ! ግማሽ ቀን ፍላሹን ስንወቅስ ከዋልን በኋላ ምክንያቱን ደረስንበት። ብዙ ፍላሾች የሚዘጋጁበት ፋት 32 የተባለው ሥርዓት ከ4,294,967,295 ባይት የበለጠ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። አንድ ተራ ዲቪዲ ግን እስከ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል። መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት በተባለው ሥርዓት እንደ ገና ፎርማት ማድረግ ነው። ይህ ሲደረግ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው በዲቪዲው ውስጥ ያለውን ቪዲዮ ቲ.ኤስ. የሚባል ፎልደር እንዳለ ይገልብጥ፤ በውስጡ ያሉት የቪ.ኦ.ቢ. ፋይሎች እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጡ ማንኛውም ፍላሽ ይቀበላቸዋል።

በኋላ በመዋጮ የውጭ ማንበቢያ ገዛን። እርሱም በመጀመሪያው ቀን እየጮኸ ይጠፋ ነበር። የተበላሸ መስሎን ነበር፤ ነገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ ሆኖ ተገኘ። ማንበቢያውን ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስንሰካው ሥራውን ጀመረ። ዊንዶውስ 10 እና 11 የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ከራሳቸው ጋር ስለሌላቸው፣ ቪ.ኤል.ሲ. የተባለውን ነጻ ማጫወቻ መጫን ይበቃል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ፊልም ያለው ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፍለውታል፤ አሜሪካ 1፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ማንበቢያው ክልሉን እንዲቀይር የሚፈቀድለት 5 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ «ቀይር» ሲል ዝም ብሎ እሺ ማለት አይገባም። በሠርግ ዲቪዲ ላይ ግን ይህ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ዲቪዲ ተጭሮ ስለ ነበር መካከሉ ላይ ቆመ። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጠረግነው፤ እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን በጽሑፉ መሥመር ላይ ስለሚያስኬደው የባሰ ይጎዳል። ጠርገነውም ግን አልሄደም። በመጨረሻ በሊኑክስ ላይ የሚሠራውን ዲዲሬስኪዩ ሞከርን። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ሁሉ አንሥቶ፣ የታመመውን ደጋግሞ ለመሞከር ኋላ ይመለስበታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ፋይሉን ስንከፍተው ምርቃቱ የነበረው በዚሁ ዲቪዲ ላይ ነበር። ምስሉ እዚህም እዚያም ይሰባበራል፤ ድምፁ ግን ከሁለት ቦታ በቀር ደኅና ነው። ጓደኛችን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ እኛ ለቁርስ ወጣን።

ለእኅቱ የላክነው ሀንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ኤም.ፒ.4 የተለወጠውን ነው፤ ስልክ ይህን በቀላሉ ያጫውታል። ዋናውን ፋይል ግን አልሰረዝንም፤ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ አለ። ሦስተኛው ዲቪዲ እስካሁን አልተነበበም፤ ፀሐይ የመታው ይመስላል፤ ለመቅጃ የተሠራ ዲቪዲ ቀለሙ በብርሃን ይጎዳልና።

ማንበቢያው በእኛ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲቪዲ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ ፍላሹ ኤክስፋት መሆኑን አስቀድሞ ይመልከት።