ለአይሮፕላን አምሳያ መስኮት የሚስማማው ኮላ የቱ ነው?

የፕላስቲክ ክፍሎችን እየገጣጠመ የአይሮፕላን አምሳያ የሚሠራ ተማሪ ክንፉንና ጅራቱን ለማያያዝ እጅግ ይጠነቀቃል፤ መስኮቱን ግን እንደ ቀላል ነገር ቆጥሮ ለመጨረሻ ሰዓት ይተወዋል። የክንፍ መጋጠሚያ ቢበላሽ ይሞረዳል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። መስኮት ግን ብርሃን ያሳልፍ ዘንድ የተሠራ ስለ ሆነ በቀለም ሊሸፈን አይችልም፤ አንድ ጊዜ ከደፈረሰ ደፈረሰ ነው። በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣልን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለውም ጥርት ያለ ክፍል አንድ ብቻ ነው። እርሱን ያበላሸ ልጅ ከጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ሱቁን ሁሉ ቢዞር ምትኩን አያገኝም። ስለዚህ የኮላን ጠባይ ቀደም ብሎ ማወቅ ይጠቅማል።

ኮላ ስንመርጥ ሁላችንም የምንጠይቀው «ጠንካራው የቱ ነው?» ብለን ነው። ለክንፍና ለመንኮራኩር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክብደት ይሸከማሉና። መስኮት ግን በቦታው ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ስለ እርሱ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ኮላው ሲደርቅ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ምንድን ነው? ፕላስቲኩንስ ምን ያደርገዋል? የሚለው ነው።

በሳጥን የሚሸጡት አምሳያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጥርት ያለው መስኮትም እንዲሁ። ለእነርሱ ተብሎ የሚሸጠው የሞዴል ኮላ በእውነቱ አቅላጭ ፈሳሽ ነው። የሁለቱን ክፍሎች ጠርዝ አሟምቶ ያዋሕዳቸዋል፤ ፈሳሹ ተኖ ሲያልቅም አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ይህ ለክንፍ መልካም ነው። በመስኮት ላይ ግን አንዲት ጠብታ ብትወድቅ የነካችውን ሁሉ ታቀልጣለች፤ ብንጠርጋትም የጣታችን ምልክት በቀለጠው ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ይቀራል። ጠብታ ባይነካው እንኳ እንፋሎቱ ይበቃዋል። ጥርት ያለው ፕላስቲክ በፋብሪካ ቅርጽ ሲይዝ በውስጡ የሚቀር ውጥረት አለ፤ እንፋሎቱ ሲደርስበት እንደ ጸጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። አሴቶን፥ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም የዚሁ ወገን ስለ ሆኑ መስኮት በእነርሱ አይጸዳም። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

አሁን ወደ ሱፐር ግሉ እንምጣ፤ በየሱቁ የሚገኝና ፈጥኖ የሚይዝ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለን እርሱ ነውና። ታሪኩ የሚያስገርም ነው። በ1942 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልግ ነበር። በፍለጋውም ላይ ሳያኖአክሪሌት የሚባለውን ነገር አገኘ፤ የነካውን ሁሉ እየተጣበቀ ስላስቸገረው ግን ተወው። በ1951 ኩቨር ለጄት አይሮፕላን የአብራሪ ክፍል መሸፈኛ የሚሆን ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ የሚፈልጉ ሰዎችን ሲመራ፥ ፍሬድ ጆይነር የሚባል ባልደረባው ያንኑ ፈሳሽ በአንድ የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ሁለት መስተዋቶች መካከል ቢያደርገው መስተዋቶቹ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። ያን ጊዜ ዋጋው ታወቀና በ1958 ለገበያ ወጣ። እንግዲህ ለአይሮፕላን መስኮት በተደረገ ምርምር ዋጋው የታወቀው ኮላ ዛሬ ለአምሳያ አይሮፕላን መስኮት ዋና ጠላት ሆኖ ይገኛል።

ጠላት የሚሆነውም እንዲህ ነው። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በአየርና በዕቃው ገጽ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ነገር ግን ሁሉም በቦታው አይጠነክርም፤ ከፊሉ እንፋሎት ሆኖ ይነሣና በአቅራቢያው ባለው ገጽ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ያርፋል። የአብራሪው ክፍል የተዘጋ ስለ ሆነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በመስኮቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጣትም ጨርቅም አይደርስበትም። በመስኮቱ ላይ የጣት ቅባት ካለማ የባሰ ነው፤ ብናኙ ቅባቱን ተከትሎ አሻራውን በነጭ ይስለዋል። የወንጀል መርማሪዎች በዕቃ ላይ የተሰወረ አሻራ የሚያወጡት በዚሁ እንፋሎት ነው! በክረምት በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ አየር እርጥበት ስለሚበዛበት ጉዳቱ ያይላል።

ፒያሳ በወርቅ ሠሪዎቿና በሰዓት አዳሾቿ ታውቃ የኖረች ሰፈር ናት። በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ሰዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወሩም ሙያው አልጠፋም። የሰዓትና የአምሳያ መስኮት ነገር አንድ ነውና ሰዓት አዳሽ የሰዓት መስተዋት ሲገጥም ቆሞ መመልከት ትምህርት ነው። የሰዓት ፊት የተዘጋ ትንሽ ክፍል ስለ ሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሱፐር ግሉ አያስገባበትም። የሚያጨናብስ እንፋሎት የሌለውን ኮላ ይመርጣል፤ እርሱንም በመርፌ ጫፍ በጠርዙ ብቻ ያስኬደዋል፤ መስተዋቱንም በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይዘውም።

ለእኛ ከሁሉ የሚሻለው እንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ነው። ርካሽ ነው፤ አይሸትም፤ ከውስጡ የሚወጣው ውኃ ብቻ ስለ ሆነ ፕላስቲክን አይነካም። ሲቀቡት እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ግን ጥርት ይላል። መስኮቱ ተጣሞ ቢቀመጥ ኮላው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ይህን ምሕረት ከሌሎቹ ኮላዎች ብዙም አናገኝም። ደካማነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንዳልነው መስኮት ሸክም የለበትም።

ለምሳሌ የዲሲ 3ን አምሳያ እንውሰድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ነው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ 72 ጊዜ ያነሰው አምሳያ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጎንና በጎኑ የተደረደሩት የተሳፋሪ መስኮቶች በዚህ ልክ ጥቃቅን ናቸው፤ ስለዚህ የፕላስቲክ መስኮት እንኳ ላያስፈልጋቸው ይችላል። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ነጭ ኮላ ወስዶ የቀዳዳውን ዙሪያ ማስነካት፥ ከዚያም ስቴኪኒውን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፤ ኮላው እንደ ሳሙና አረፋ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሲደርቅ መስኮት ሆነ ማለት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ቀዳዳ ግን ሽፋኑ ይበጠሳል። ከፊት ያለውን የአብራሪ መስተዋት በዚህ መንገድ መሥራት አይሆንም፤ በሳጥኑ የመጣውን ክፍል አስቀምጦ ዙሪያውን በነጭ ኮላ መያዝ ይገባል።

ክፍሉ የጠፋበት ወይም አምሳያውን ከእንጨት የሚሠራ ተማሪ ምን ያድርግ? ከስዊድን የመጣውን የሳፊር የማሠልጠኛ አይሮፕላን እናስብ፤ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1939 ዓ.ም. ከስቶክሆልም ተነሥቶ ከ30 ሰዓት በላይ ሳያርፍ በርሮ አዲስ አበባ የገባበት ነው። የሳፊር የአብራሪ ክፍል በሰፊ ጥርት ያለ መሸፈኛ የተከበበ ነው። ይህን ለመሥራት ሃይላንድ እያልን የምንጠራው ባዶ የውኃ ጠርሙስ ያገለግላል። ከዋንዛ ወይም ከጥድ የመሸፈኛውን ቅርጽ ጠርቦ በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ማለስለስ፥ በተቆረጠው ጠርሙስ ውስጥ ማስገባትና ደጅ በከሰል ምድጃ ሙቀት ላይ ከፍ አድርጎ በእንጨት ይዞ ማዞር ነው። ጠርሙሱ ሲሞቅ ይሸበሸብና በእንጨቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሲበርድ በምላጭ ይቆረጣል። ጠፍጣፋ መስኮት ለሚሻ ደግሞ አሮጌ የራጅ ፊልም አለ፤ በረኪና ውስጥ ቢነከር ጥቁሩ ይለቅና ጥርት ያለው ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰማያዊነት አለው። ጠርሙሱም ሆነ አብዛኛው የራጅ ፊልም ፖሊስታይሪን ስላልሆነ የሞዴል ኮላ አያቀልጠውም፤ ስለዚህም አይዘውም። ሁለቱም በነጭ ኮላ ጠርዛቸው ይያዛል።

ከዚህ የበለጠ ጥንካሬ የሚሻ ሰው፥ ለምሳሌ ሲከፈት የሚቆም መሸፈኛ የሚሠራ፥ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውንና እኩል እኩል ተደባልቆ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ይውሰድ። መስኮት አያጨናብስም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ወደ ቢጫነት ያዘነብላል። የስልክ መስተዋት የሚቀይሩ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት በልዩ መብራት የሚጠነክር ኮላም መልካም ነው። መብራቱ ባይኖር የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ይተካዋል፤ ከተማችን ከፍተኛ ቦታ ላይ ስለ ሆነች ኮላውን የሚያጠነክረው የማይታይ ጨረር በብዛት ይደርሳታል።

ማስቲሽን በተመለከተ ግን ነገሩ ከመስኮትም ያልፋል። ቀለሙ ቢጫ፥ ክሩም እንደ ሸረሪት ድር የሚጎተት ስለ ሆነ ለጥርት ሥራ አይረባም፤ ፈሳሹም ፕላስቲክ ያቀልጣል። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነው። በፒያሳ መንገድ ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ሕፃናትን ያላየ የለም፤ አእምሮንና ሳንባን የሚጎዳቸው ያው እንፋሎት በሩን ዘግቶ በጠባብ ክፍል የሚሠራውንም ተማሪ ያገኘዋል። የሞዴል ኮላና ማስቲሽ መስኮት ሳይከፈት አይነኩም።

አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር የሞዴል መጻሕፍት ጥርት ያለውን ክፍል ከመለጠፉ በፊት በወለል ማብሪያ ውስጥ ንከሩት ይላሉ። እነርሱ የሚሉት ሲደርቅ እንደ ቫርኒሽ የሚሆን ፈሳሽ ነው፤ በየቤታችን ወለል የምንወለውልበት ጠጣር ሰም ሌላ ነገር ስለ ሆነ መስኮቱን ያደበዝዘዋል እንጂ አይጠቅመውም። በሱፐር ግሉ የደፈረሰ መስኮት ከውጭ በኩል ከሆነ ግን በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት የጥርስ ሳሙና አድርጎ በትዕግሥት ቢያሹት ብዙ ጊዜ ይጠራል።

በመጨረሻም መስኮቶቹ ተያይዘው የመጡበትን ጥርት ያለ ዘንግ አትጣሉ። ከመስኮቱ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለ ሆነ ያልታወቀ ኮላ ሁሉ አስቀድሞ በእርሱ ላይ ይፈተናል። አንዲት ጠብታ አስነክቶ በትንሽ ብርጭቆ ደፍቶ ማሳደር ነው፤ በክረምት ቢሆን ሁለት ሌሊት ይደር። ጠዋት ዘንጉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፥ ብርጭቆውንም ውስጡን መመልከት፤ ነጭ ጭጋግ ከያዘ ያ ኮላ ለክንፍ ይቀመጥ።